በማያውቁት ከተማ ጥሩ ምሽት ማግኘት፦ ጥያቄና መልስ

ለሥራም ይሁን ለሽርሽር ትልቅ ከተማ ሄዳችሁ ማታ ወጣ ማለት ለምትፈልጉ፣ ስለ ባር፣ ስለ ጭፈራ ቤትና በሰላም ስለ መመለስ የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ሦስት ሌሊት ብቻ ነው የማድረው፣ ከተማዋን ጨርሶ አላውቃትም። ጥሩ ባር እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰፈር ፈልግ፤ ባሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንድ ባር ብቻ መርጠህ ከሄድክ ሞልቶ፣ ተዘግቶ ወይም ያንተ ዓይነት ሳይሆን ሊቀር ይችላል። በአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ አምስት ስድስት ባር ካለ ግን አንዱ ቢከዳህ ምሽቱ አይበላሽም።

ጎግል ማፕ ላይ «ባር» ብለህ ፈልግና ካርታውን እያቀረብክ ነጥቦቹ የት እንደተሰበሰቡ እይ። በግማሽ ኪሎ ሜትር ውስጥ ስምንት አሥር ቤት ያለበትን ምረጥ። በትልልቅ ሆቴሎች፣ በባቡር ጣቢያ ወይም በታዋቂ ሐውልት የተከበበውን ግን ዝለለው፤ እዚያ ያለው ቤት የሚኖረው ተመልሶ በማይመጣ ሰው ነውና ለመጠጡ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ከዋናው መንገድ ሁለት ሦስት መንገድ ገባ ያለው ሰፈር ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ኮከቡን ብቻ አትመን። አስተያየቶቹን በአዲስነት ደርድርና ያለፉትን ሦስት ወራት አንብብ፤ ባለቤት ወይም ቀጂ ሲቀየር ቤቱ ይቀየራል፣ አሮጌው ኮከብ ግን እዚያው ይቆያል። ከአምስቱ ይልቅ ባለ ሦስት ኮከቦቹ ብዙ ይነግሩሃል፤ የወደዱትንም ያልወደዱትንም ይጽፋሉና። በአስተያየቶቹ ውስጥ «ሂሳብ» እና «ካርድ» የሚሉትን ቃላት በከተማው ቋንቋም በእንግሊዝኛም ፈልጋቸው። ተመሳሳይ ቅሬታ ሦስት ጊዜ ካየህ እርሳው። ከዚያ በየሰዓቱ ያለውን የሰው ብዛት የሚያሳየውን ግራፍ ተመልከት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጣራ ነክቶ የሚወርድ ከሆነ ከሥራ በኋላ የሚገባበት ቤት ነው፤ 5 ሰዓት ላይ ብትደርስ ወንበር ጠረጴዛ ላይ ሲሰቅሉ ታገኛቸዋለህ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሰው ነው። የመጀመሪያው ማታ ቀደም ብለህ ባንኮኒ ላይ ተቀመጥ፣ አንድ ነገር እዘዝ፣ ቀጂው ፋታ ሲያገኝ «አንተ እረፍት ስትሆን የት ትጠጣለህ?» በለው። «ጥሩ ቦታ የት አለ?» ካልከው ለቱሪስት የሚባለውን ይነግርሃል። ጥያቄህን አጥብበው፤ ሙዚቃው ዝቅ ያለ፣ ተቀምጦ የሚወራበት፣ በእግር የሚደረስ። የታክሲ ሹፌርና መንገድ ላይ ወረቀት የሚያድል ሰው የሚጠቁሙት ቤት ኮሚሽን ሊኖርበት ስለሚችል በእነሱ ላይ ብቻ አትመርኮዝ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ልውጣ? ቀድሜ ሄጄ ባዶ ቤት እንዳላገኝ፣ አምሽቼም እንዳይዘጋብኝ።

መልስ፦ ይኼ ከከተማ ከተማ በጣም ይለያያል። ኒው ዮርክ ውስጥ መጠጥ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት መሸጥ ይቻላል፤ ለንደን ውስጥ ብዙ መጠጥ ቤቶች ገና ምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የመጨረሻ ትእዛዝ ደውለው ሰው ይሸኛሉ። የባሩን መዝጊያ ሳይሆን የመጨረሻውን የትእዛዝ ሰዓት ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ከመዝጊያው በ30 ደቂቃ ይቀድማል። ጭፈራ ቤት ከሆነ ሌሊት 6 ሰዓት ሳይሞላ ሰው የሌለበት ብዙ ነው።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ወጥመድ አለ፣ ልብ በሉልኝ። ትኬቱ ላይ «ቅዳሜ 01:00» የሚል ካያችሁ በእኛ አቆጣጠር ዓርብ ሌሊት 7 ሰዓት ማለት ነው፤ እነሱ ዘንድ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነውና። ቅዳሜ አምሽቶ የሄደ ሰው ዝግጅቱ ከተጀመረ ድፍን አንድ ቀን ሆኖት ይደርሳል። ትኬት ስትገዙ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱ የየትኛው ቀን ማታ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ጥያቄ፦ በር ላይ ቆሜ ቤቱ ጥሩ መሆኑን የማውቅበት ምልክት አለ?

መልስ፦ አለ፣ ደግሞም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቀጂውን እጅ ተመልከቱ። በረዶውን በማንኪያ ነው የሚያነሳው ወይስ በብርጭቆ ይዝቃል? በብርጭቆ የሚዝቅ ከሆነ ተሰብሮ ስባሪው በረዶው ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ ይመጣል፤ ስባሪውን ከበረዶው መለየት ደግሞ አይቻልም። የተቆረጠው ሎሚ ጠርዙ ደርቆ ከተጠቀለለ ከትናንት የተረፈ ነው።

ድራፍት ካዘዛችሁ ብርጭቆውን በብርሃን እዩት። አረፋ ከውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ ነቁጥ ተለጣጥፎ ከቀረ ብርጭቆው በደንብ አልታጠበም፤ ንጹሕ ብርጭቆ ላይ አረፋው በተጎነጫችሁ ቁጥር ቀለበት እየተወ ይወርዳል። ቢራው የኮምጣጤ ወይም የቅቤ ሽታ ካለው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ቱቦው አለመጽዳቱ ነው። መልሱት፣ የታሸገ ጠይቁ። ወይን በብርጭቆ ስታዙ «መቼ ተከፈተ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቬርሙት (ለኮክቴል የሚሆን በቅመም የተሠራ ወይን) ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ ሙቅ መደርደሪያ ላይ ግማሽ ሆኖ አቧራ ከለበሰ በእሱ የሚሠራ ኮክቴል አትዘዙ።

ጥያቄ፦ ስድስት ወንዶች ነን። ክለብ በር ላይ እንዳንመለስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ስድስት ሆናችሁ አንድ ላይ አትቁሙ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየ10 ደቂቃው ግቡ። ወረፋ ላይ ድምፅ አታሰሙ፤ ሞቅ ብሏችሁ ከመጣችሁም በረኛው ከሩቅ ያውቃችኋል። ዋናውን ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያዙ፣ የስልክ ፎቶ ብዙ ቦታ አይቀበሉም። አሜሪካ ከሆናችሁ ለመጠጥ የሚፈቀደው ዕድሜ 21 ነው፣ ፀጉራችሁ ቢሸብትም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። የዚያን ማታ ዲጄ ማን እንደሆነ አውቃችሁ ሂዱ፤ በርሊን ውስጥ በር ላይ ይህንኑ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ የስልካችሁንም ካሜራ በተለጣፊ የሚሸፍኑ ክለቦች አሉ። ከመለሷችሁ አትከራከሩ። ሁለተኛ ምርጫችሁ በእግር የሚደረስ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሂሳብ ላይ መታለልን በጣም እፈራለሁ።

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ የምሽቱ ትልቁ አደጋ እሱ ነው። የታወቀው አካሄድ እንዲህ ነው፦ መንገድ ላይ ተግባቢ ሰው ወይም ቆንጆ ልጅ ይቀርብዎታል፣ «እኔ የማውቀው ቤት አለ» ይልዎታል፣ ቤቱ ዋጋ የሌለው ሜኑ ያመጣል፤ ሁለት መጠጥ ጠጥተው የደመወዝ ያህል ሂሳብ ይቀርብዎታል፣ በሩ ላይ ደግሞ ጉልበተኛ ቆሟል። መድኃኒቱ ቀድሞ ነው፤ ቤቱን ራስዎ ይምረጡ፣ ዋጋ የተጻፈበት ሜኑ ሳያዩ አይዘዙ፣ መግቢያ ወይም የወንበር ክፍያ እንዳለ ይጠይቁ። ከገቡበት በኋላ ከሆነ አይጋፈጡ። የሚቻል ከሆነ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ካርድ ይስጡ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ከወጡ በኋላ ወዲያው ለባንክዎና ለፖሊስ ያመልክቱ። በካርድ የተከፈለን መከራከር ይቻላል፣ ጥሬው ግን ከወጣ ወጣ።

ሐቀኛ ቤት ውስጥም ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የካርዱ ማሽን «በአገርዎ ገንዘብ ይከፈል?» ካለዎት እምቢ ይበሉ፣ በከተማው ገንዘብ ይክፈሉ፤ አለዚያ ምንዛሬውን እነሱ ይተምኑታል፣ ሁሌም ለማለት ይቻላል ይጎዳዎታል። ካርድዎን ባንኮኒ ላይ አስይዘው እየጠጡ ከሆነም ሂሳቡን ሳይዘጉ አይውጡ። ቲፕ ከመጨመርዎ በፊት ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ ሂሳቡ ላይ ቀድሞ መደመሩን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምጓዘው። ብወጣ ይሻለኛል ወይስ ሆቴሌ ልቀመጥ?

መልስ፦ ውጪ እህቴ። ባንኮኒው ጫፍ ላይ፣ ቀጂው በሚያይሽ በኩል ተቀመጪ፤ ጀርባሽ ግድግዳ ያገኛል፣ የሚያስቸግርሽ ሰው ቢመጣም ምስክር አለሽ። መጠጥሽ ዓይንሽ እያየ ይቀዳ። ሽንት ቤት ስትሄጂ ጨርሰሽው ወይም ትተሽው ሂጂ፣ ስትመለሺ አዲስ እዘዢ። ያለሽበትን ቦታ ለአንድ ለምታምኚው ሰው በስልክ አጋሪ።

የጠጣሽው አንድ ብርጭቆ ሆኖ ጉልበትሽ ከከዳሽ፣ ምላስሽ ከተሳሰረ፣ ለሠራተኛ ወዲያው ንገሪ፤ አሁን ከተዋወቅሽው ሰው ጋር አትውጪ። ሐኪም ቤት በዚያው ሌሊት መድረስ ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በግማሽ ቀን ውስጥ ከሽንት ይጠፋሉና በማግስቱ ምርመራው ላያገኛቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ ስንት ብጠጣ ነው ሳልሰክር የማመሸው?

መልስ፦ በብርጭቆ ሳይሆን በግራም ቁጠር። ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ መቶኛ አባዛ፣ ለ100 አካፍልና በ0.8 አባዛ። 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ይሆናል፤ ግማሽ ሊትሩ 20፤ 150 ሚሊ ሊትር ባለ 13 በመቶ ወይን 15 ተኩል ገደማ፤ 40 ሚሊ ሊትር ውስኪ 13 ገደማ። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ስለሆነ በየሰዓቱ አንድ ቢራ የሚጠጣ ሰው እንኳ ቀስ በቀስ ይከማችበታል። ቡና ንቁ ያስመስልሃል እንጂ ስካሩን አያወርደውም። ሳትበላ አትውጣ፤ ምግብ ሆድ ውስጥ ካለ አልኮሉ ወደ ትንሹ አንጀት የሚገባው በዝግታ ነው።

መለያ የሌለው ወይም ከገበያው እጅግ የረከሰ ጠንካራ መጠጥ አትንካ። ሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት) ካለበት መጀመሪያ ተራ ስካር ይመስላል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ግን ዓይን እንደ ጭጋግ ይደበዝዛል፣ ሆድ ይቆርጣል። ሀንጎቨር ነው ብለህ አትተኛበት፣ ሆስፒታል ሂድ። ጓደኛህ ሰክሮ ሲቀሰቀስ ካልነቃ፣ በደቂቃ ከስምንት ጊዜ በታች ከተነፈሰ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አምቡላንስ ጥራ፣ በጎኑ አስተኛው፣ ብቻውን አትተወው።

ጥያቄ፦ አልኮል አልጠጣም። የምሽት ሕይወት ለኔ አይሆንም?

መልስ፦ ይሆናል እንጂ! የቀጥታ ሙዚቃ ቤቶችን ፈልጊ። ሁለት ዙር የሚጫወቱ ከሆነ በሁለተኛው ዙር ብዙ ቦታ ሰው ይቀንሳል፣ ከፊት ወንበር የማግኘት ዕድልሽም ይሰፋል። ሶዳ በሎሚ ስታዢ «ቢተርስ» (መራራ የቅመም ጠብታ) እንዳይጨምሩበት ንገሪ፣ ጠብታው ትንሽ ቢሆንም እሱ ራሱ አልኮል ነው። ጆሮ መድፈኛም ያዢ፤ 100 ዴሲቤል ላይ ያለ መከላከያ የሚመከረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ጭፈራ ቤት ደግሞ እዚያ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ማታ መመለሻውስ?

መልስ፦ ሳትወጡ ወስኑት። ቶኪዮ ውስጥ ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ይቆማል፣ እስከ ንጋት መጠበቅ ወይም ውድ ታክሲ መያዝ ነው። በርሊን ግን ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉት፣ 40 ደቂቃ ቀድሞ ይጩኽ፤ ሂሳብ መዝጋትና ጃኬት መቀበል ብቻ 20 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በከተማው ቋንቋ ወረቀት ላይ አስጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ ባትሪ ያልቃልና። በመተግበሪያ መኪና ስትጠሩ ክለቡ በር ላይ ሳይሆን ሁለት መንገድ ራቅ ብላችሁ፣ መብራትና ሰው ያለበት ቦታ ቁሙ፤ ሹፌሩ በቀላሉ ያገኛችኋል። ሰሌዳውን ከስልካችሁ ጋር አመሳክሩ፣ «ስምህ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት እንጂ የናንተን ስም ቀድማችሁ አትንገሩት።