ያልተነገረው መርዶ

ለሙያ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዷ፣ «የደም ግፊት ያለባቸው አንዲት እናት የወንድማቸውን መርዶ እንዳይሰሙ፣ ልጆቻቸው ተባበሪን አሉኝ፤ ምን ልበላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። በዕለቱ በቂ መልስ አልሰጠኋትም፤ ጥያቄዋ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደሆነ ነገር መልሶኝ ነበርና።

ያኔ በወሎ ጀማሪ ሐኪም ነበርሁ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር መጡና ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ 180/110 ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ጀመርሁላቸው፤ ልጃቸውን ግን ወደ ጎን ጠርቼ «አታስደንግጧቸው፣ ክፉ ወሬም አታሰሟቸው» አልኋት። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ አያቴም ግፊት አለባት እየተባለ ምንም የማይነገራት ሰው ስለነበረች፣ ቃሉ እንደ ልማድ ከአፌ ወጣ።

በስድስት ወር ውስጥ ግፊታቸው ወረደ፤ እኔም በየቀጠሮው ካርዳቸው ላይ «ጥሩ ነው» እያልሁ እጽፍ ነበር። መክሳታቸውንና ንግግራቸው ማጠሩን ባይም አልጠየቅኋቸውም። በሰባተኛው ወር ያለ ቀጠሮ መጡ። ታናሽ እህታቸው ከሞተች አራት ወር ሆኗት ነበር፤ የሰሙትም ገበያ ላይ አንድ የሩቅ ዘመድ «እግዜር ያጽናዎት» ሲላቸው ነው። እሳቸው ሲገቡ ቤተሰቡ ወሬውን ያቋርጣል፣ ወጣቸው ለብቻ በትንሽ ድስት ይሠራል፣ ለቅሶ እንዳይደርሱ ተከልክለዋል፣ ለልጃቸው ሽማግሌ ሲላክ እንኳ የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። «ልጄ፣ እህቴን ሳልቀብር መቅረቴን ለማን ልንገር?» አሉኝ። መልስ ስላጣሁ ግፊታቸውን ለካሁ፤ 132/84 ነበር።

ቆይቼ ሳነብ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው በኋላ፣ መድኃኒት የጀመሩትም ያልጀመሩትም፣ ከሥራ መቅረት ማብዛታቸውን አሳይቶ አገኘሁት። የእኔው መምህር ግን ከሥራ ሳይሆን ከቤታቸው ነበር የቀሩት፤ ያስቀረኋቸውም እኔ ነበርሁ።

እናንተ ከእኛ ይልቅ ብዙ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ዓይናችሁ ከመለኪያው ላይ ቶሎ አይነሣም፣ ይህም ያሳዝነኛል። እኔም ብሆን ዛሬ 180/110 ባይ ከቁጥሩ እጀምራለሁ፤ መድኃኒት ማቋረጥ ስለሚያመጣው ጉዳትም ታውቁታላችሁና ለእናንተ አልናገርም። የምለምናችሁ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ «በቤትዎ ምን ተለወጠ? ከማን ጋር ይበላሉ? እንቅልፍስ?» እንድትሉ ነው። ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት በሚያመጣው ደረቅ ሳል ሌሊቱን የሚቀመጥ፣ ወይም መድኃኒቱ ከትዳሩ ያራቀው መስሎት በኀፍረት ዝም ያለ ሰው፣ ካልተጠየቀ አይናገርም።

ለጠየቅሽኝ ልጄ፦ ድንጋጤ ግፊትን ለጊዜው ከፍ ማድረጉ እውነት ነውና የልጆቹን ፍርሃት አታናንቂ። ነገር ግን አትደብቂላቸው። እናታቸው መድኃኒታቸውን ሳያዛንፉ ይውሰዱ፤ መርዶውም እንደ ወጉ በማለዳ፣ የንስሐ አባታቸውና የልብ ወዳጃቸው ባሉበት ይነገራቸው። አንቺ መለኪያሽን ይዘሽ ጎረቤት ቤት ቆዪ፤ ብቻሽን መሆን ከከበደሽ ንገሪኝ፣ እኔም እመጣለሁ።