ሐኪሙን እዩት

«ጋሼ፣ የነርስ ቦታ ነው የሰጡኝ። ቃሉ አራት መስመር አይሞላም። ልተወው እንዴ?» አንዲት ወጣት ተዋናይት በቀደም ይህን ጠየቀችኝ። ተቀበዪው፣ ክፍያሽን ግን ቀድመሽ ተዋዋዪ አልኳት። ስለ ትጋትና ሰዓት ስለማክበር የሚነግራችሁ ሞልቷል፤ እኔ አልደግመውም። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ወጣት ሆኜ በምሠራበት ቴአትር ቤት አንድ አንጋፋ ባልደረባ ነበረን። ሁሌም የሚሰጠው ወይ ዳኛ፣ ወይ መልእክተኛ፣ ወይ የሙሽራው አጎት ነው። በአንድ ተውኔት ላይ ዳኛ ሆኖ የእኔን ረጅም ንግግር ይሰማል። እየሰማ መነጽሩን ይጠርጋል። የልጄን ሞት የምናገርበት ቦታ ስደርስ እጁ ቀጥ ይላል። በቃ፣ ሌላ ምንም አያደርግም። ሕዝቡ የሚያለቅሰው እዚያች ላይ ነው። እኔ ያስለቀስኩት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ከመድረክ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ታመመና ሌላ ሰው ተተካ። ተተኪው አንድም ቃል አልሳተም። አዳራሹም አላለቀሰም። አንጋፋውን እንዴት እንደሚያደርገው ሳልጠይቀው እኔ አሜሪካ ገባሁ፤ እሱም አረፈ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ላይ የሌሊት ፈረቃ ስሠራ ነው። ክፍሏ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የድሮ አስፈሪ ፊልሞች ይመጡባታል። አንድ ፊት እየደጋገመ ያጋጥመኝ ጀመር። ኋላ ስሙን አወቅሁት፤ ዊት ቢስል ይባላል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1909 ኒው ዮርክ ተወልዶ በ1996 ያረፈ ሰው ነው። በ1954 «ክሪቸር ፍሮም ዘ ብላክ ላጉን» ላይ አውሬው የሚያቆስለው ተመራማሪ እሱ ነው። በ1960 «ዘ ታይም ማሽን» ላይ ደግሞ ጊዜን ስለሚሻገረው ማሽን ከሚሰሙት እንግዶች አንዱ ነው። መሪ ተዋናይ የሆነበትን ፈልጋችሁ ብዙም አታገኙም።

አንዱን ግን ረጋ ብላችሁ እዩት። በ1956 የወጣው የዳይሬክተሩ የዶን ሲግል «ኢንቬዥን ኦቭ ዘ ቦዲ ስናቸርስ» ነው። ከጠፈር የመጣ ዘር ከትልልቅ ፍሬዎች ውስጥ የሰዎችን ቅጂ እያበቀለ ከተማውን ይወርሳል። ፊልሙ ማለቅ የነበረበት መሪ ተዋናዩ ኬቨን ማካርቲ አውራ ጎዳና ላይ እያበደ ሲጮህ ነበር። ባለገንዘቦቹ ጨለመብን አሉና መግቢያና መውጫ አስጨመሩበት። ቢስል የገባው በዚያ ጭማሪ ነው፤ ስሙም በተዋናዮቹ ዝርዝር ላይ አልሰፈረም። ሥራው የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ማካርቲ የሚተርከውን መስማት ነው። አይስቅበትም፣ አያምነውምም። መጨረሻ ላይ አንድ የተጎዳ የጭነት መኪና ሹፌር ከእነዚያ እንግዳ ፍሬዎች ሥር ተቆፍሮ መውጣቱ ይነገረዋል። ያኔ ፊቱን እዩት። ገና ስልክ ሳያስደውል እናንተ አምናችሁታል። ሲግል ጭማሪውን አልወደደውም፤ ያለዚያ ትዕይንት ፊልሙ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ሳስበው እንደዚያው ይመስለኛል። ሐኪሙን ግን አልለቀውም።

የዘንድሮ ልጆች የራሳችሁን መስመር በቀለም ታሰምሩና የሌላውን ገጽ አትገልጡም። ልምምድ ላይ ሌላው ሲናገር ስልክ ትነካካላችሁ። እኛስ? ስልክ ስላልነበረን ከመጋረጃ ጀርባ ሲጋራ እናጨስ ነበር። ያው ነው። እንዲያውም እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ያልገባችሁን ትጠይቃላችሁ። እኔ ያን ሰውዬ ለመጠየቅ አፌን መክፈት ከብዶኝ ነበር።

ጊዜ ካላችሁ፣ ያን ፊልም ባያችሁ በማግስቱ «አይ ዋዝ ኤ ቲንኤጅ ዌርዎልፍ»ን እዩ። የ1957 ነው። ርካሽ ፊልም ነው፤ ሳቅ ሳቅ ሊላችሁ ይችላል። ማይክል ላንደን ቁጡ ተማሪ ሆኖ ይሠራል፤ ቢስል አሁንም ሐኪም ነው። ልጁ ቁጣዬ አስቸገረኝ ብሎ ይመጣል፤ ሐኪሙ በመርፌና በሂፕኖሲስ፣ ማለትም በቃል እያፈዘዘ፣ ወደ ተኩላነት ይመልሰዋል። አሰማሙ ያው የትናንቱ ነው። ያው ትዕግሥት፣ ያው የለሰለሰ ድምፅ። ትናንት ሰውዬውን ቢያምነው ብላችሁ ስትለምኑ ነበር። ዛሬ ልጁን ተነሥተህ ውጣ ትሉታላችሁ።