ለጀማሪ የሮክ ባንድ ልጆች፦ ኧረ ድምፁን ቀንሱት

ሽበቴን ያወጣሁት ከሚክሰር ጀርባ ቆሜ ነው። ሁለት ሦስት ዘፈን ብቻ ይዘው የመጡ የስንት ልጆችን ድምፅ ሳስተካክል ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ እናንተ ባንድ መሥርታችኋል፣ ኦልተርኔቲቭ ሮክ እንጫወታለን ብላችኋል። ደስ ይላል። እንግዲያው ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ድምፁን ቀንሱት።

አውቃለሁ፣ ሮክ ነው። ግን ልምምድ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን እዩት። ድራመሩ ይመታል። ጊታሪስቱ ራሱን መስማት ያቅተውና አምፑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ ይጨምራል። ቤዙ ይዋጣል፤ እሱም ይጨምራል። ድምፃዊቷ ማይኩን ታስከፍታለች። ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይይዝና ያ ጆሮ የሚበሳ ፊድባክ ይለቀቃል። ድራመሩ ደግሞ እኔም ልሰማ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይወቅጠዋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ይጮኻል፣ ማንም ማንንም አይሰማም።

ልኩን ከድምፃዊቷ ማይክ ጀምሩ። ፊድባክ ሳይመጣ እስከሚችለው ድረስ ክፈቱት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች ይግባ። ድራመሩ ቀለል ባለ ዱላ ይምታ፤ ድምፅ ቀንሶ መምታት ከባዱ ችሎታ ነው። የጊታር አምፕ ወለል ላይ ከተቀመጠ ድምፁ የሚሄደው ወደ ቁርጭምጭሚታችሁ ነው። ወንበር ላይ አውጡት፣ ወይም ወደ ኋላ አዘንብሉት። ጆሯችሁ ጋ ሲደርስ ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ትቀንሱታላችሁ።

ዲስቶርሽኑንም፣ ያንን የጊታሩን ሻካራ ድምፅ፣ እንደዚያው። መኝታ ቤት ብቻችሁን ስትጫወቱ ያማረው ድምፅ ባንዱ ውስጥ ሲገባ ጭቃ ይሆናል። ሻካራነቱን የሚጨምረውን ጌይን ትንሽ መልሱት። ሚዱንም፣ ማለትም በወፍራሙና በቀጭኑ ድምፅ መካከል ያለውን፣ ሙልጭ አድርጋችሁ አትቁረጡት፤ ጊታር ከሌላው ተለይቶ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።

ፒክሲስን አድምጡ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቦስተን ውስጥ የተመሠረተ ባንድ ነው። ቤዝና ድራም ብቻቸውን እየሄዱ ቆይተው ጊታሩ አዝማቹ ላይ ሲገባ ትደነግጣላችሁ። የሚያስደነግጣችሁ ቀድሞ ዝም ማለቱ ነው። የኒርቫና ባንድ ድምፃዊ ከርት ኮቤይን ራሱ ይህን ዘዴ ከእነሱ እንደወሰደ ተናግሯል። ሁልጊዜ የሚጮኽ ባንድ ግን የሚጨምርበት ቦታ የለውም።

የጆሮ ነገር ከተነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳትሉኝ። የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 85 ዴሲቤል ላይ በቀን እስከ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ይባላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለ ድራም ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። ከልምምድ ወጥታችሁ ጆሯችሁ ጭው ካለ ልኩን አልፋችኋል ማለት ነው። የሙዚቀኛ ጆሮ መሰኪያ አድርጉ። የውስጥ ጆሮ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ስቱዲዮ ለመግባት አትጣደፉ። መጀመሪያ ስልካችሁን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡና ልምምዱን ቅዱት። በማግስቱ ስሙት። ማን እንደሚፈጥን፣ የቱ ዘፈን እንደሚንዛዛ ያለ ጭቅጭቅ ይነግራችኋል። ኒርቫና እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን የቀዳው በ600 ዶላር ገደማ ነው። እንዲህ የሚቻለው ዘፈኑ አልቆ ከተገባ ብቻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ግጥም መጻፍ የሀብታም ጨዋታ ነው።

ስለ ገንዘብ አሁኑኑ አውሩ፣ ገና ሳንቲም ሳይመጣ። የዜማና የግጥሙ መብት ለብቻው ነው፣ የተቀዳው ድምፅ መብት ለብቻው። አር ኢ ኤም የሚባለው ባንድ አራቱም አባላት የዘፈን ደራሲነቱን እኩል ይካፈሉ ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2011 ድረስ ቆይቷል። እናንተ የግድ እኩል ተካፈሉ አልልም። ግን በወረቀት ይስፈር፣ አንድ ሰው ሲወጣ የባንዱ ስም ለማን እንደሚቀር ጭምር። ገንዘብ ከመጣ በኋላማ ሁሉም «ያቺ ሪፍ (የምትደጋገመው የጊታር ዜማ) የኔ ናት» ይላል።

መድረክ ላይ ስትወጡ ትርፍ የጊታር ክር፣ ትርፍ ኬብል፣ የክር መቃኛ ቱነር ያዙ። 30 ደቂቃ ከተሰጣችሁ 25 ተጫወቱ። የድምፅ ባለሙያውን ስሙን ጠይቁት፤ አዎ፣ ለሙያ ጓደኞቼ እያዳላሁ ነው። ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ማለትም ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ሲሞከር፣ ደግሞ ድራመሩ «እግር ከበሮውን ብቻ ምታ» ሲባል ሌሎቻችሁ እጃችሁን ከክሩ ላይ አንሱ። ሰውየው በዚያች ደቂቃ መስማት የሚፈልገው እሷኑ ብቻ ነው። ተራችሁ ይደርሳል።