መልስ፦ ሄሊኮፕተር አምቡላንስ ላይ አንድ ነርስ ብቻ ይበቃል ወይ?
አንድ ነርስ ብቻ ቢሄድ ምን ችግር አለው ላልከው እኔ በፍጹም አልስማማም። አሜሪካ በብዛት ነርስና ፓራሜዲክ (የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ነው አብረው የሚወጡት፣ እንግሊዝ ደሞ ዶክተርና ፓራሜዲክ፣ ማን ይሁን የሚለው ያከራክር ይሆናል ሁለት መሆናቸው ግን አያከራክርም። በሽተኛው ትንፋሽ ቢያቆም አንዱ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር መስጫ ፊኛ) አየር እየሰጠ ሌላው መድኃኒት ያዘጋጃል፣ ብቻህን ከሆንክ የቱን ትተዋለህ? ደሞ በዛ የሞተር ጩኸት በስቴቶስኮፕ ሳንባ ማዳመጥ አይታሰብም፣ ቦታውም ጠባብ ስለሆነ የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስፈልገው ሰው ከመነሳታችሁ በፊት መሬት ላይ ቢገባለት ይሻላል።

ሴፍቲው ላይ ትልቁ ነገር እምቢ ማለት መቻል ነው። ፓይለቱም የሕክምና ሰዎቹም ሁሉም ካልተስማሙ አይበረርም፣ አንዱ አየሩ አላማረኝም ካለ አለቀ፣ በዚህ የሚቆጣ አለቃ ካለ እባክህ እዛ አትስራ። ብዙ ቦታ ለፓይለቱ የበሽተኛውን ሁኔታ አስቀድመው አይነግሩትም፣ ሕፃን ነው ከተባለ አንጀቱ አልችል ብሎት በጭጋግ ሊነሳ ይችላላ! በሌሊትና በመጥፎ አየር ስንቱ ፓይለት መሬቱን ሳያይ ከመሬት ተጋጭቷል፣ የአሜሪካው የበረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍኤኤ በ2014 እ.ኤ.አ ባወጣው ደንብ መሬት ሲቀርብ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ግዴታ ያደረገው ለዚህ ነው።