ጥያቄ፦ ሁሌ ሽማግሌ ሆኜ ነው የምተውነው፣ ትወናውን ልተወው ወይ?

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ፣ አትተወው! ጎንደር ያለው የድራማ ክበባችሁ ሁሌ የሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ቢሰጥህ መሰልቸትህ አይገርመኝም። ግን ተዋናዩን ደበበ እሸቱን አስብ። ከመድረክ የተነሳ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም መሪው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ቢሆንም፣ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ የተጫወተው የኛው ደበበ ነው። መሪ ያልሆነ ገጸ ባሕርይም ሰው ይፈልጋል።

መድረክ ላይ ድምፅህ የኋላ ወንበር ድረስ መሰማት አለበት፤ ካሜራ ፊት ግን ቅንድብህን ትንሽ ማንሳት ይበቃል። ሽማግሌውን ሕያው የሚያደርጉት ግን ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ሂድና ሽማግሌዎቹን ልብ ብለህ እያቸው፦ ጋቢያቸውን እንዴት እንደሚያጣፉ፣ ዋጋ ሲከራከሩ ከዘራቸውን የት እንደሚያሳርፉ፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ምን ያህል ዝም እንደሚሉ። ከዚያ ካየሃቸው ነገሮች አንዷን ይዘህ ልምምድ ግባ። ለሚቀጥለው ድራማ ደግሞ ሌላ ገጸ ባሕርይ ልሞክር ብለህ አዘጋጁን በግልጽ ጠይቀው።