ስትደነዝዙ ለማን ይመቻል?

ልጆቼ፣

በቀደም እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሚሰበሰቡ አንባቢ ወጣቶች ጋብዘውኝ ሄጄ ነበር። ስለ አልደስ ሐክስሊ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» እንዳወራላቸው ፈልገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣ ልብ ወለድ ነው። እዚያ አገር ሕዝቡን ጸጥ የሚያሰኘው ጠመንጃ አይደለም፤ ሶማ የሚባል ክኒን ነው። ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ተሰልፎ ድርሻውን ይቀበላል። የከፋው ይውጣል፣ የተናደደው ይውጣል። ረብሻ ሲነሳ ፖሊሶቹ ሶማውን አየር ላይ ይረጩታል፤ ሲደባደቡ የነበሩት እየተላቀሱ ይሳሳማሉ።

አንዲት የጤና ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ሰዎቹ ደስ ካላቸው ክፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

ስለ ነፃነትና ስለ ሰው ልጅ ክብር የሆነ ነገር መለስኩላት። ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር ስለኖርኩ እንዲህ ያለ መልስ አይጠፋኝም። ልጅቷ ግን አልረካችም፤ ልክ ነበረች። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስብ ያመሸሁት ስለ ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ዘመዶቹ እዚሁ ጎንደር አሉ።

በ1970 ዓ.ም. ሁለታችንም ጀማሪ መምህራን ነበርን። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። እሱ ታሪክ ያስተምራል። ደሞዝ ሲወጣ ከአስቤዛ በፊት መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ነበር። ስለ አፄ ፋሲል ሲያስተምር ተማሪዎቹን ይዞ ግንቡ ድረስ ይሄዳል። ድንጋዩን በእጃቸው እያስነካ፣ የትኛው ክፍል በማን ዘመን እንደተሠራ እያስገመተ ነበር የሚያስተምራቸው። አንድ ጊዜ ዝናብ ይዟቸው ቅጥሩ ሥር ተጠልለው እስኪመሽ ሲያወሩ ቆዩ። ወላጆች ተቆጡ፤ ልጆቹ ግን ዛሬ ሽበት አውጥተውም ያን ቀን ያነሱታል።

ዘመኑ የደርግ ቀይ ሽብር ነው፤ የመጽሐፍ ዘመን አልነበረም። የጎንደር እናቶች «የዛሬን ማርልኝ፣ ሁለተኛ አልወልድም» ብለው ያለቀሱበት ጊዜ ነው። ከተማሪዎቹ ሁለቱ በአንድ ሌሊት ተወሰዱ። አልተመለሱም። መጠጣት የጀመረው ያን ሰሞን ነው።

መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠላ። ከዚያ አረቄ። ከዚያ በየቀኑ አረቄ። ሳይውል ሳያድር የገባን ነገር ቢኖር ሰካራም እንደማይጠረጠር ነው። የሚያነብ ይጠረጠራል። ዝም የሚል ይጠረጠራል። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያወራም ይጠረጠራል። እየተንገዳገደ የሚሄደውን ግን የቀበሌ ጠባቂዎች ስቀውበት ያልፋሉ።

እናቱ ከደንቢያ ስንቅ ይዘው መጡ። ሰክሮ ሲገባ አዩት። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ «ተመስገን» አሉ። «ይጠጣ። የሚጠጣ ልጅ አይገደልም።» በሚቀጥለው ሲመጡ ከበሶው ጋር ራሳቸው ያወጡትን አረቄ በጠርሙስ ይዘውለት ነበር። በእሳቸው አልፈርድም። ከጎረቤቶቻቸው መካከል ልጃቸውን የቀበሩ ነበሩ፤ ሬሳ እንኳ ያላገኙም ነበሩ።

አንድ ዓመት በሁዳዴ ጾም መጠጡን አቆመ። ፊቱ ተመለሰ፤ ማንበብ ጀመረ። አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ «እነዚያ ልጆች የት ደረሱ?» ሲል ጠየቀ። ሁሉም ወደ ጫማው አቀረቀረ። እኔ እጄ ተንቀጠቀጠ። ማታ ክንዱን ይዤ አረቄ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። «ትንሽ ቅመስ፣ ይቀልሃል» አልኩት። የቀለለው ለእኔ ነበር። ያን ሌሊት ቤታችን ሳይፈተሽ ነጋ፤ እኔም ተኛሁ።

እዚያ ቤት ውሎ አድሮ ሂሳብ መጠየቅ ቀረ። ጥግ ላይ የራሱ ዱካ ነበረችው። መለኪያው ሲጎድል ይሞላለታል። ማን ይከፍል እንደነበር አላውቅም፤ አልጠየቅንም። ከዓመታት በኋላ የጆርጅ ኦርዌልን «ናይንቲን ኤይቲ ፎር» ሳነብ መጨረሻው ላይ ደርሼ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ተሰቃይቶ፣ መንፈሱ ተሰብሮ ከተለቀቀ በኋላ ካፌ ጥግ ላይ ይቀመጣል። አስተናጋጁ ሳይታዘዝ ጂን ይቀዳለታል። ሂሳቡ ሲመጣም አሳንሰው የሚያስከፍሉት ይመስለዋል። ኦርዌል ብዙ ሳያብራራ ነው የሚያልፈው። እኔ ግን ያንን ቤት አውቀዋለሁ።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። አረቄው ግን አብሮ አልሄደም። ጓደኛዬ ክፍል ገብቶ አርባ ደቂቃ መቆም አቅቶት ነበር። ጉበቱ ነው የገደለው።

ያቺ ልጅ ደግማ ብትጠይቀኝ ስለ ሊንዳ እነግራታለሁ። ሐክስሊ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው፣ አርጅታና ወፍራ ከሩቅ የተመለሰችው ሴት። ማንም ሊያያት አይፈልግም። አልጋ ላይ ሆና ሶማ እንዳሻት ትወስዳለች። ሐኪሙ ዕድሜዋን እንደሚያሳጥረው ያውቃል። የተቃወመው ልጇ ብቻ ነው፤ እሱም በመጨረሻ እጅ ይሰጣል። ሊንዳ ደስተኛ ናት፤ እሷ ደስተኛ መሆኗ ደግሞ ለሁሉም ተመችቷቸዋል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው እላታለሁ። ልብ ወለዱ ውስጥ ክኒኑን የሚያድለው መንግሥት ነው። እኛ ጋ መንግሥት ማደል አላስፈለገውም። ፍርሃቱን ሰጠን፤ የሚጠጣውን የምንወደው ሰው እጅ ላይ ያኖርነው እኛ ነን።

አትጠጡ፣ አትቃሙ ብዬ አልጽፍላችሁም። እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። እኔም የፋሲካ ጠላ ሲቀርብልኝ እጄን አልሰበስብም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከምሳ እስከ ምሽት ጫት ቤት ስትቀመጡ፣ ወይም ስልካችሁ ላይ አፍጥጣችሁ ሌሊቱ ሲነጋ፣ የእናንተ ዝም ማለት የሚመቸው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ሹም ሊሆን ይችላል። ቤት አከራይ ሊሆን ይችላል። የሚወዳችሁ ሰውም ሊሆን ይችላል።

እውነቱን ልናገር፣ እናንተን ሳይ ቅር ይለኛል። እኛ የደነዘዝነው ፈርተን ነው፤ እናንተ ሰልችቷችሁ ነው የምትደነዝዙት እላለሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ዲግሪውን ይዞ ሥራ የፈታውን፣ ማታ ከቤት መውጣት የሚያስፈራውን ልጅ አይና ያልኩትን እተወዋለሁ። ወጣት ደግሞ ሁልጊዜ አይደነዝዝም። በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በጥቁሮች መኖሪያ የነበሩትን የቢራ አዳራሾች የሚያስተዳድረው ራሱ መንግሥት ነበር። ከቢራው የሚገኘው ገንዘብ መልሶ እነሱኑ ለሚገዛው አስተዳደር ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ሲነሱ ካቃጠሏቸው መካከል አባቶቻቸው የሚጠጡባቸው እነዚያ አዳራሾች ነበሩ። ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ማቃጠሉን አልመክራችሁም፤ ማየታቸውን ግን እቀናበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አንዲት ጎረቤቴ ቡና ጠራችኝ። ልጇ ተመርቆ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ክፍሉን ዘግቶ ይቅማል። «እዚሁ ይቃም ጋሼ፣ ውጭ ከሚወጣብኝ ይሻለኛል» አለችኝ። ስለ ጓደኛዬ ነገርኳት። ስለ እናቱ ጠርሙስም ነገርኳት። አዳምጣኝ ስታበቃ «ታዲያ ምን ላድርግ? ልልቀቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገ ከሰዓት እኔ ጋ እንዲመጣ ብቻ ለምኛታለሁ። እናንተ የእሱ እኩዮች ናችሁ፤ ምን ብለው እንደሚሻል የምታውቁ ካላችሁ ከዚያ በፊት ጻፉልኝ።