ከሰል ላይ የሚጠበስ በርገር፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ሰው ሲሰበሰብ ከሰሉ አጠገብ የምቆመው ሁሌም እኔ ነኝ። ያበላሸሁት በርገር ብዛቱ አይነገርም። እስካሁን የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ምርጥ ቀይ ሥጋ፣ ጮማ የሌለው፣ አስፈጭቼ ነው የምሠራው። ግን ሁሌ ይደርቅብኛል። ምን አጠፋሁ?

ጥፋቱ እሱው ነው፤ ጮማውን ማስወጣትሽ። ከ1 ኪሎው 200 ግራም ያህሉ ስብ ይሁን። እሳት ላይ ሲቀልጥ ሥጋውን ከውስጥ የሚያርሰው እሱ ነው። የትከሻ ሥጋ ብዙ ጊዜ ወደዚህ መጠን ስለሚጠጋ ከእሱ ጀምሪ። ሲፈጭም በጣም አይድቀቅ።

እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ካልገባበት አይበታተንም?

አይበታተንም። ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ሳይሞቅ ከተድቦለቦለ ራሱ ይያያዛል። እንደ ሊጥ ግን አትሸው! ጨውም ቀድመህ አታስገባበት። ጨው የሥጋውን ፕሮቲን ያሟሟና እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። አንዴ ከአንድ ሥጋ ግማሹን በጨው አሽቼ አሳደርኩት፤ ግማሹን እንዲሁ ተውኩት። በማግስቱ ጎን ለጎን ጠበስኳቸው። ያልታሸው ሲነከስ ፍርክስ አለ። የታሸው እንደ ቋሊማ ጥርስ ይመልሳል። ጨውና ቁንዶ በርበሬ እሳቱ ላይ ልታስቀምጠው ስትል ከላይና ከታች ነስንስበት፤ በቃ።

መሃሉ እንደ ኳስ እያበጠ ዳቦው ላይ አልቀመጥ ይለኛል።

ጠርዙ ቀድሞ ይኮማተርና መሃሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። 150 ግራም አካባቢ መዝኚና ከዳቦው አንድ ጣት ያህል አስፍተሽ ጠፍጥፊው፤ ሲጠበስ መጠበቡ አይቀርም። ከዚያ መሃሉን በአውራ ጣትሽ ጎድጎድ አድርጊው። ሲያብጥ ጎድጓዳው ይሞላና እኩል ይወጣል።

ውጩ አሮ ውስጡ ጥሬ ሆነብኝ፤ እንግዶቼ ፊት አፈርኩ። ከሰሉ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው?

አይዞዎት፣ ያልደረሰበት የለም። ነበልባል ላይ አይጠበስም። ከሰሉ ግራጫ አመድ ለብሶ ውስጡ እስኪቀላ ይታገሡ። ከዚያ ፍሙን ወደ አንድ ወገን ሰብስበው ሌላውን ወገን ባዶ ይተዉት። ስብ ተንጠባጥቦ እሳቱ ቦግ ሲል ሥጋውን ወደ ባዶው ያሸሻሉ። ውሃ እንዳይረጩበት፤ አመዱ ቦንኖ ሥጋው ላይ ያርፋል።

በመገልበጫው ስጫነው ቺስስ የሚለው ድምፅ ደስ ይለኛል። ችግር አለው?

አለው እንጂ! ቺስስ የሚለው እኮ ልትበላው የነበረው ጭማቂ ነው። በሚጠበስበት ጊዜ እጅህን ሰብስብ። ከፍርግርጉ አልላቀቅ ካለህም አትታገለው፤ ከታች ቡናማ ቅርፊት ሲይዝ በራሱ ይለቃል። ያኔ ገልብጠው።

ልጆቼ ይበላሉ። ስቴክን መሃሉ ቀይ እያለ የሚበሉ አሉ፤ በርገርስ?

ይሄኛው ላይ ቀልድ አላውቅም። ያልተፈጨ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ የሚቀመጠው በአብዛኛው ከላይ ስለሆነ እሳቱ ያገኘዋል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መሃሉ ጥሬ ከቀረ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ በሕይወት ሊተርፍ ይችላል። ለልጆችና ለአዛውንቶች ደግሞ ይብሳል። መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቀለሙን አትመኚ፤ ሳይበስል ቡናማ የሚሆን አለ፣ በስሎም ሮዝ የሚል አለ። ለበርገር አንድ ዕቃ ብቻ ግዢ ብባል የምመርጠው የምግብ ቴርሞሜትር ነው። ከላይ ሳይሆን ከጎን አስገብተሽ መሃሉ ላይ አንብቢ። ጥሬው የነበረበት ሳህን ላይም የበሰለውን እንዳትመልሺ፤ ጥንቁቅ የሚባል ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ቺዝ መቼ ይገባል?

ልታወጣው አንድ ደቂቃ ሲቀር። ክዳን ካለህ ክደነው።

ዳቦው ይርስብኛል።

ለሁለት ሰንጥቀሽ የውስጡን ገጽ ቅቤ ቀብተሽ ለጥቂት ሰከንድ ፍሙ ላይ አሙቂው። ቲማቲሙን ደግሞ ሰላጣው ላይ እንጂ ዳቦው ላይ አታሳርፊው።

ለ20 ሰው ነው የምሠራው። ከዋዜማው ባዘጋጅስ?

ጥሩ ነው። ጠፍጥፈህ በየመሃላቸው ወረቀት እያደረግክ ደርድርና ሸፍነህ ፍሪጅ ክተት፤ ጨው ሳትነካው። በማግስቱ ሁሉንም በአንዴ ይዘህ አትውጣ፤ የምትጠብሰውን ያህል ብቻ። ጥሬ ሥጋ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት።

ካቻፕ ወይስ ማዮኔዝ?

መጀመሪያ አንድ ጉርሻ ባዶውን ቅመስልኝ። ከዚያ በኋላ የራስህ ጉዳይ ነው።